ጥጥ የረገጠች በቅሎ

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሦስት ዓመት፣ የሐምሌ ወር ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በአላባማ ግዛት በኮልበርሰን ወረዳ ያለው ጥቁር መሬት ከዳር እስከ ዳር ጥጥ ለብሶ ነበር፤ ዝናቡ በጊዜው መጥቶ በጊዜው ስላባራ፣ ተባዩም ወዴት እንደ ገባ ሳይታወቅ ስለ ቀረ፣ በሳይፕረስ ጅረት ዳር ያለው ማሳ የሰው ወገብ አልፎ፣ የዛሬው ነጭ አበባ ከትናንቱ ቀይ አበባ ጋር ተቀላቅሎ፣ ፍሬውም ቅርንጫፉን አጉብጦ ይታይ ነበር። ሽማግሎች ከታላቁ ጦርነት ወዲህ እንዲህ ያለ አዝመራ አላየንም ይሉ ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ በረከት ለገበሬው መርዶ ነበር፤ በየማሳው ጥጥ ስለ ተትረፈረፈ ገዢ ጠፍቶ፣ ዋጋው የለቃሚ እንኳ የማይከፍል ሆኖ፣ የአምናው ጥጥ ገና በየመጋዘኑ ተከምሮ አይጥ ይወልድበት ነበር።

በዚያው ሰሞን ከዋሽንግተን ከተማ አዋጅ መጣ። ጥጥ የዘራ ሁሉ ከማሳው ሲሶ የሚያህለውን ገልብጦ ከአፈር ይቀላቅል፤ መንግሥትም ስላጠፋው ጥጥ ካሳ ይከፍለዋል የሚል ነበር። ዝሩ ብሎ የሚያዝዝ፣ ገብሩ ብሎ የሚያስገድድ መንግሥት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የዘራችሁትን አጥፉ፣ ስላጠፋችሁትም ገንዘብ እንካችሁ ያለ መንግሥት ግን በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ የእግዚአብሔርን ስጦታ መግፋት ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ዳሩ ግን ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ነውና ሁሉም እየተሰለፈ ፈረመ።

ሊያንደር ቶሊቨር በዚያ ወረዳ መሬት ከሚያርሱት ጥቁሮች አንዱ ነበር፤ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ዕድሜው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ በጽዮን ተራራ ቤተ ክርስቲያን በዲያቆንነት የሚያገለግል ሰው ነው። በዚያ አገር አራሽ ሁሉ አንድ አልነበረም፤ እንደ ጦር ሠራዊት ማዕረግ ነበረው። ከሁሉ በታች በቀን ዋጋ የሚያድረው ነው፤ ከእሱ ከፍ ብሎ በባለ መሬቱ በቅሎና በባለ መሬቱ ማረሻ እየሠራ ምርቱን እኩል የሚካፈለው አለ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ በገዛ በቅሎው የሚያርሰው፣ ለባለ መሬቱ ከበቆሎው ሲሶ ከጥጡ እርቦ ብቻ ሰጥቶ የቀረውን የራሴ የሚለው ነው። ይህን ሦስተኛውን ሰው መቼ ተነሣህ፣ ለምን አረፍህ ብሎ የሚጮህበት የለም። ሊያንደር ከሁለተኛው ማዕረግ ወደ ሦስተኛው ለመውጣት ግማሽ ዕድሜውን ፈጅቷል፤ ያወጣችውም ቢዩላ የምትባለው በቅሎው ነበረች።

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል፤ ቢዩላ ግን በዘር የምትኮራ ሳትሆን አንገቷን ደፍታ ሥራዋን የምትሠራ ነበረች። ሊያንደር ገና በልጅነቷ ከባለ መሬቱ ከሚስተር ሆሊስ ክሬንሾ በዕዳ ገዝቶ፣ አለንጋ ሳያነሣባት፣ በዛብና በቃል ብቻ አስተማራት። ጂ ሲላት ወደ ቀኝ፣ ሃው ሲላት ወደ ግራ ትዞራለች፤ ከሁሉ በላይ ግን ጥጥ አትረግጥም። በሁለት መደብ መካከል ባለው ትልም ውስጥ ስትሄድ ሰኮናዋን እንደ ሙሽራ እየመረጠች ታኖራለች፤ ባቄላ የምታህል ቡቃያ እንኳ ሳትሰብር የማሳውን ዳር ትደርሳለች። የወረዳው ሰው በቅሎ ሲያሠለጥን «እንደ ቢዩላ ያድርግልህ» ይባባል ነበር። የዕዳዋ የመጨረሻው ክፍያ ለዚያ ዓመት መከር ቀርቶ ነበር፤ ያ ጥጥ ተሽጦ ዕዳው ከተዘጋ ቢዩላ የሊያንደር ናት፤ ቢዩላ የሊያንደር ከሆነች ደግሞ ማዕረጉን የሚነጥቀው የለም። እሱና ሚስቱ ኦሲ ከዚህ ሌላ የሚመኙት ነገር አልነበራቸውም፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ዲትሮይት ገብተው ቀርተዋል፤ ለሽምግልናቸው የቀረቻቸው ያችው እርሻ ነበረች።

ሚስተር ሆሊስ ከወረዳው የእርሻ ሹም ጋር በመኪና መጥቶ በሊያንደር ደጅ ቆመ። የእርሻ ሹሙ ሚስተር ዌይንስኮት የሚባል፣ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ፣ ቅን የሚመስል ወጣት ነው። ሊያንደር ባርኔጣውን አውልቆ ወደ መኪናው ቀረበ።

«ሊያንደር፣ የምትገለብጠው የጅረቱን ዳር ነው» አለ ሚስተር ሆሊስ ከመኪናው ሳይወርድ።

«ያ እኮ ደህናው ነው፣ ሚስተር ሆሊስ። የኮረብታውን ባደርገውስ? እሱ እንደሆነ ጥንቸልም አይደበቅበት።»

«ለጥንቸል መደበቂያ መንግሥት አይከፍልም። ካሳው በፍሬው ልክ ነው፤ ጥሩው ሲጠፋ ነው ጥሩ የሚመጣው።»

«ልክ ነው» አለ የእርሻ ሹሙ። «ዋጋው እንዲነሣ ጥጡ መቀነስ አለበት። ለሁላችሁም ነው የሚጠቅመው፤ ለአንተም ጭምር።»

ሊያንደር ማሳውን ዞር ብሎ አየ። «የበቅሎዋን ዕዳ ይሸፍናል?»

«ይሸፍናል። ምናልባትም ይተርፍሃል» አለ ሚስተር ሆሊስ። «ቃሌን አጥፌብህ አውቃለሁ?»

«ኧረ አያውቁም።»

እውነትም በዚህ ነገር ሚስተር ሆሊስ ቃሉን አላጠፈም። ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም ይህ ታሪክ የሚያሳዝነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሊያንደር ቢዩላን ጠምዶ ወደ ጅረቱ ዳር ማሳ ገባ። ማረሻው መደቡን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ተክሉን ከነሥሩ እንዲገለብጠው በቅሎዋ በጥጡ ላይ መሄድ ነበረባት። ሊያንደር እርፉን ጨበጠና «ጂ፣ ቢዩላ» አላት። እሷም ቀኟን ይዛ መጣች፤ ግን የፊት ሰኮናዋ የመጀመሪያውን ተክል ሊነካ ሲል እግሯን አንሥታ አሻገረችውና ከወዲያኛው ትልም ውስጥ ቆመች። መልሶ አመጣት፤ አሁንም ተሻገረች። ዛቡን ሲስብባት ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ፣ ቆዳዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እንደ ግንድ ተተከለች።

ዜብ ፕሩት ከአጥሩ ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር። ዜብ የዚያኑ የሚስተር ሆሊስን መሬት በእኩል የሚያርስ፣ ምላሱ ከማረሻው የሚስል ጎረቤት ነው።

«ወንድም ሊያንደር፣ እሷ እኮ አልፈረመችም!» አለው።

«ሥራ የለህም አንተ?»

«የእኔ ሥራማ ገና ሲነጋ አለቀ። ጥጡ ላይ ላስገባት ብል ይቺ የሆሊስ በቅሎ ከነማረሻው አንጠልጥላ አጥር ላይ ለጠፈችኝ። የጎረቤታችን የጆንስም በቅሎ ተጋድማ እምቢ ብላለች። ወረዳው ሙሉ በቅሎ አመፅ ላይ ነው! ነውር የሚያውቁት እነሱ ብቻ ቀሩ መሰለኝ።»

«በቅሎ ያስተማሯትን ነው የምታውቀው።»

«ታዲያ ማን አስተማራት? አንተው! በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች አለ፤ አንተ ደግሞ ባስተማርካት በራስህ ላይ አሳጠርክ።»

ነገሩ የሊያንደርን ልብ ነካው። በዚያ ወረዳ ማንም እንደ እሱ በቅሎ የሚያውቅ እንደሌለ ራሱም ያውቅ ነበር፤ ቢዩላ ያቃተችው ተብሎ በአጥር ላይ ሲወራበት ሊሰማ አልፈለገም። ካሳውም እንዲከፈል የእርሻ ሹሙ መጥቶ የተገለበጠውን መሬት በዓይኑ ማየት ነበረበት፤ የቀረው ጊዜም አጭር ነው። በዚያን ቀን እኩለ ቀን ላይ ኦሲ ውኃ ይዛለት ስትመጣ፣ ሽርጥሽ ሙሉ በቆሎ ፈልፍለሽ ሞላሰስ አሽተሽ አምጪልኝ አላት።

«ለምን?»

«ከፊቷ እየሄድሽ ታሳያታለሽ። ጥጡን በረገጠች ቁጥር አንድ እፍኝ ትሰጫታለሽ። በትልሙ ከሄደች ምንም።»

ኦሲ የውኃውን ቅል ከእጁ ተቀበለች። ኦሲ አጭር፣ ቀልጣፋ፣ ነገር ቶሎ የሚገባት ሴት ነበረች።

«ስንት ዘመን የለፋህበትን በእፍኝ በቆሎ ልታስረሳት?»

«እኔ አስተማርኳት፣ እኔ አስረሳታለሁ።»

«ማስረሳቱንስ ታስረሳለህ፣ ሊያንደር። መልሶ ማስታወሱን ማን ያመጣልሃል?»

«ለዚህች ማሳ ብቻ ነው፣ ኦሲ። ዕዳዋ ይዘጋ እንጂ ከዚያ ወዲያ ጥጥ የሚያስረግጣት ማን አለ?»

ኦሲ ሽርጧን ሞልታ መጣች። ከበቅሎዋ ፊት ወደ ኋላዋ እየተራመደች፣ መደቡን ይዛ፣ አበባው ቀሚሷን እየነካው፣ «ነይ የኔ እመቤት፣ ነይ» ትላት ጀመር። ቢዩላ በቆሎውን አሸተተች፤ አንገቷን ዘረጋች፤ እግሯን አነሣችና በአየር ላይ ያዘችው። ከዚያ አስቀመጠችው። ተክሉ ሲሰበር እርጥብ ድምፅ አሰማ፤ ገና ያልበሰለው ፍሬ ከሰኮናዋ ሥር ፈንድቶ ነጭ ውኃ ወጣው። ኦሲ እፍኙን ሰጠቻት። ሁለተኛው እርምጃ ከመጀመሪያው ቀለለ፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው። ማረሻውም ከኋላ እየተከተለ የዓመቱን ድካም ከነአበባው ወደ አፈር አስገባው። የመጀመሪያውን መደብ ጨርሰው ከማሳው ዳር በደረሱ ጊዜ ሊያንደር በማረሻው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በባርኔጣው ሸፍኖ አለቀሰ። ኦሲ እንዳላየች ሆና የበቅሎዋን ግንባር ታሻሽ ነበር።

እንዲህ እያሉ ጥቂት ቀናት ሠሩ። መጀመሪያ ኦሲ በየእርምጃው፣ ኋላ በየመደቡ ዳር፣ በመጨረሻም ሊያንደር ራሱ ከኪሱ ይሰጣት ጀመር፤ ቢዩላም ያለ ቀዳሚ በጥጡ ላይ ቀጥ ብላ ትሄድ፣ ጥቂት ከሄደች በኋላም ቆም ብላ አንገቷን አዙራ ድርሻዋን ትጠብቅ ነበር። ዜብ ይህን ባየ ጊዜ ከአጥሩ ወረደ፤ ቀልድም ጠፋው።

የእርሻ ሹሙ ሚስተር ዌይንስኮት መጥቶ ባየ ጊዜ ግን ደስታው ወሰን አልነበረውም። በወረዳው ሁሉ በቅሎ እምቢ ብሎ፣ አንዳንዱ በሬ ፍለጋ፣ አንዳንዱ በመጥረቢያ ለመቁረጥ ተነሥቶ ነበርና፣ ለካስ የሚሆን ሰው አለ ብሎ ሊያንደርን ጨበጠው፤ ነጭ ሹም ጥቁር አራሽን በሰው ፊት መጨበጡ ራሱ ለሳምንት ወሬ ሆነ። ቢዩላንም ከነሊያንደር በካሜራ አነሣት። ከዚያ ወዲያ ሊያንደር ከማሳ ወደ ማሳ፣ ከጥቁር ደጅ ወደ ነጭ ደጅ እየተጠራ፣ የቀጠሩት ሰዎች እየከፈሉት የጎረቤቶቹን ጥጥ ሲገለብጥ ነሐሴን ጨረሰ። ሰዎች የመንግሥት በቅሎ ይሏት ጀመር። እሱም በልቡ ደስ አለው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያዝዘው የኖረ ሰው መንግሥት ሲፈልገው ደስ ቢለው ምን ይፈረድበታል።

«በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» አለችው ኦሲ አንድ ቀን እራት ስታቀርብ። «ለራሳችን ማሳ ብቻ ብለኸኝ አልነበር?»

«ሹሙ ራሱ ለመነኝ፣ ኦሲ። እምቢ ልበለው?»

«እምቢ ማለት ነበረብህ። በቅሎዋ እንኳ መጀመሪያ ብላ ነበር።»

የመከር ወራት በገባ ጊዜ ካሳው መጣ። ሚስተር ሆሊስ በሱቁ መደርደሪያ ላይ የዕዳውን ውል አውጥቶ፣ ሊያንደር እያየ፣ ሁለት ቦታ ቀደደውና «ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ናት» አለው። ሊያንደር ወደ ቤቱ የተመለሰው ቢዩላ ላይ ሳይቀመጥ ዛቧን ይዞ ከጎኗ እየሄደ ነበር። ኦሲ ዶሮ ጠበሰች፤ ዜብም ሚስቱን ይዞ መጥቶ የስኳር ድንቹን ጣፋጭ እየጎረሰ «ባለ በቅሎው ጌታ» እያለ ሲያፌዝበት አመሸ። በዚያ ቤት እንደዚያ ያለ ሳቅ ከልጆቹ መሄድ ወዲህ አልተሰማም ነበር።

የብርዱ ወራት ገብቶ የአውሮጳውያን አዲስ ዓመት በባተ ጊዜ ሁለተኛው አዋጅ ወጣ። አሁን የበቀለውን ማጥፋት ቀርቶ መሬቱን ገና ከመዝራት ማሳረፍ ሆነ፤ መንግሥትም ላረፈው መሬት በየዓመቱ ይከፍላል። የእርሻ ሹሙ በጽዮን ተራራ ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡን ሰብስቦ አዋጁን ባስረዳ ጊዜ፣ በገዛ በቅሎውና በገዛ መሣሪያው፣ ያለ ተቆጣጣሪ የሚያርስ ጭሰኛ ከዚህ ክፍያ እኩሌታውን ያገኛል፤ ሌላው አራሽ ግን ከዚህ ድርሻ የለውም፤ ማን የትኛው እንደ ሆነ የሚለየውም የወረዳው ኮሚቴ ነው አለ። የኮሚቴው አባላት ባለ መሬቶች ነበሩ። ሊያንደር ከፊት ወንበር ተቀምጦ ይህን ሲሰማ፣ ከዋሽንግተን የመጣ ቃል ስለ እሱ ስለ ራሱ ሲናገር በዕድሜው የመጀመሪያው ነበርና፣ የኦሲን እጅ ፈልጎ ያዘ።

ጸደይ መጣ። ጥጡ በቀለ፤ ተኮተኮተ፤ በየመደቡ መካከል ያለውን አረም በማረሻ የመግፋት ጊዜ ደረሰ። ሊያንደር ቢዩላን ጠምዶ ወደ ኮረብታው ማሳ አስገባት። ጤዛው ገና አልረገፈም ነበር። «ቀጥ በይ፣ የኔ እመቤት» አላት። እሷም ቀጥ ብላ መደቡ ላይ ወጣች፤ ጣት የሚያህለውን ቡቃያ ከዳር ጀምራ እየረገጠች ሄደች፤ ጥቂት እንደ ሄደችም ቆም አለችና አንገቷን አዙራ በቆሎዋን ጠበቀች።

ሊያንደር እርፉን ለቀቀ። ሮጦ መጥቶ የተረገጠውን ቡቃያ በእጁ ሊያቀና ሞከረ፤ አልቆመለትም። ወደ ትልሙ መለሳት፤ መደቡ ላይ ወጣች። ኦሲ በትልሙ ውስጥ በቆሎ ይዛ ትቀድማት ጀመር፤ ቢዩላ በቆሎውን በላችና ሌላ ለማግኘት ብላ ጥጡን ረገጠች። እንዲህ ሲሉ ብዙ ቀናት አለፉ። አንድ ቀን ሊያንደር ከዜብ አለንጋ ተውሶ መጣ፤ ከገዛት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ገረፋት። ቢዩላ የምትመታበት ምክንያት ስላልገባት፣ ባወቀችው መንገድ ልታስደስተው ፈልጋ፣ እየተንቀጠቀጠች ሌላ ቡቃያ ላይ ወጣችበት። ሊያንደር አለንጋውን ከአጥሩ ባሻገር ወረወረው።

«አረጀች፣ ወንድም ሊያንደር» አለ ዜብ በለሰለሰ ድምፅ። «ያረጀ ነገር አንዴ ነው የሚታጠፈው።»

«እኔ ነኝ ያጠፍኳት።»

«አንተ ባታደርገው የማንም ጥጥ አይገለበጥም ነበር። ካሳውንም አናይም ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።»

«ማወቃችሁ አረም አያርስልኝም፣ ዜብ።»

ሚስተር ሆሊስ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በማሳው ዳር ቆሞ፣ የተረገጠውን መደብ እየተከተለ ጥቂት ተራመደ፤ ሊያንደርም ባርኔጣውን ይዞ ከኋላው ተከተለው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ትስተካከላለች፣ ሚስተር ሆሊስ። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ።»

«ጥጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ይህን ካንተ የሚያውቀው የለም። አረም ውጦሃል። የእኔን በቅሎ ውሰድና ሰብሉን አድን።»

ሊያንደር ቃሉ ምን እንደ ሆነ ገባው። «በርስዎ በቅሎ ካረስኩ እኩል አራሽ ነኝ ማለት ነው?»

«ታዲያ ምን ልትሆን?»

«የመንግሥቱስ ክፍያ?»

ሚስተር ሆሊስ ወደ መኪናው ሄደ። በሩን ከፍቶ ዘወር አለ። «አዋጁን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፣ ሊያንደር። በገዛ በቅሎው ይላል። ያንተ በቅሎ ማረስ ትችላለች ብዬ ኮሚቴው ፊት ልዋሽልህ?»

ሌላ በቅሎ እንዳይገዛ፣ ጥጡ ከቀነሰ ወዲህ ዋጋው ስለ ተነሣ የበቅሎ ዋጋ አብሮ ተነሥቷል፤ ዱቤ የሚሰጠውም ያው ሚስተር ሆሊስ ነው። ሊያንደር የቀረችውን አንዲት ተስፋ ይዞ ወደ ወረዳው ከተማ በእግሩ ሄደ። በእርሻ ሹሙ ቢሮ ከውጭ ካለው አግዳሚ ላይ ብዙ ከቆየ በኋላ አስገቡት። ሚስተር ዌይንስኮት ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለው።

«ሊያንደር! የመንግሥት በቅሎ እንዴት ናት?»

«ተበላሽታለች፣ ጌታዬ። ጥጡን ስለረገጠችልዎ ነው የተበላሸችው። ለኮሚቴው ይህን አንድ ቃል ቢነግሩልኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ወጣቱ ሹም ተቀመጠ። ፊቱ ቀላ፤ በእርግጥ አዝኗል።

«ኮሚቴው የሚያየው ዘንድሮ በምን እንደምታርስ ነው። ያምናው አያገባውም።»

«አምና እርስዎ ለመኑኝ።»

«ለምኜሃለሁ። ግን ሊያንደር፣ ማንም አላስገደደህም። እምቢ ልትል ትችል ነበር።»

ሊያንደር በዚያ ቢሮ ውስጥ ቆሞ፣ በአላባማ ግዛት በኮልበርሰን ወረዳ አንድ ጥቁር አራሽ የመንግሥትን ሹም እምቢ የሚልበትን ቀን በዓይነ ሕሊናው ሊያይ ሞከረ፤ አልታየውም። «አመሰግናለሁ፣ ጌታዬ» ብሎ ወጣ።

ቢዩላን የገዛት ከወንዙ ማዶ ያለ የእንጨት መሰንጠቂያ ነው። ለግንድ ጎታች የት እንደምትረግጥ አይጠየቅምና፣ የተቀበሉት ሰዎች ጥርሷን አይተው፣ ዋጋ ቆርጠው፣ ከሌሎች ጋር በአንድ ገመድ አሠሯት። ሊያንደር ስለ ጠባይዋ ሊነግራቸው አስቦ ነበር፤ በአለንጋ ሳይሆን በቃል እንደምትሄድ፣ ዝናብ ሲመጣ ግራ ጆሮዋን እንደምትጥል፤ እነሱ ግን ቸኩለው ነበር። ኦሲ ለመሸኘት አልመጣችም፤ ቤት ተቀምጣ ያለ ምክንያት የታጠበ ዕቃ መልሳ ታጥብ ነበር።

ያን ዓመት ሊያንደር በሚስተር ሆሊስ በቅሎ በእኩል አረሰ። የመንግሥቱ ክፍያ ሙሉ በሙሉ ለባለ መሬቱ መጣ። በቀጣዩ ዓመት ብዙ መሬት ስላረፈ ብዙ አራሽ አላስፈለገም፤ ሚስተር ሆሊስም ደጃፍ ድረስ መጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለሽማግሌ ሰው እኩል እርሻ እንደሚከብድ፣ ቤቱን ለጭድ ማስቀመጫ እንደሚፈልገው፣ በመከር ጊዜ ግን በቀን ዋጋ ሊጠራው እንደሚችል ነገረው። በታኅሣሥ ወር፣ በዚያ አገር ጭሰኛ ሁሉ ዕቃውን ጭኖ ከመሬት ወደ መሬት በሚዛወርበት ሰሞን፣ ሊያንደርና ኦሲ አልጋቸውን፣ ምድጃቸውንና ጥቂት ዶሮዎቻቸውን በዜብ ጋሪ ጭነው ወደ ከተማው ዳር ወረዱ። ዜብ በመንገዱ ሁሉ አንድም ቀልድ አልተናገረም። ሲለያዩ ግን «ወንድም ሊያንደር፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ያን ቀን አጥር ላይ ሆኜ ነገር የጨመርኩብህ እኔ ነኝ» አለው፤ ሊያንደርም ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ወደ አዲሱ ቤቱ ገባ።

ታሪክ የዚያን ዘመን አዋጅ አልረሳውም። ስንት ሚሊዮን ኤከር ጥጥ እንደ ተገለበጠ፣ የጥጥ ዋጋ ከምን ወደ ምን እንደ ተነሣ፣ ስንት ገንዘብ ለስንት ወረዳ እንደ ተከፈለ ተጽፏል፤ አዋጁን የሚያመሰግኑም የሚነቅፉም እስከ ዛሬ አሉ። ሕዝቡ ግን ከሁሉ አብልጦ የያዘው የበቅሎዎቹን ወሬ ነው፤ በቅሎዎች ጥጥ አንረግጥም ብለው እንዳመፁ፣ እንስሳ እንኳ ከመንግሥት ይልቅ እንዳስተዋለ፣ በየሱቁ በረንዳና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለዓመታት ተሳቀበት። እውነት ነው፤ ብዙዎቹ እምቢ ብለዋል። እሺ ስላለችው ግን የሚናገር አልተገኘም፤ እሺ ያለ ሰው ታሪክ ለሳቅም ለኩራትም አይመችም። በመከር ጊዜ ቀን ሠራተኛ በሚያመላልሰው የጭነት መኪና ላይ ይህ ወሬ በተነሣ ቁጥር፣ አንዱ ዘወር ብሎ «አባባ ሊያንደር፣ አንተ በቅሎ ታውቅ ነበር ይላሉ፤ እውነት ነው እንዴ በቅሎ ጥጥ አትረግጥም?» ብሎ ይጠይቀዋል። ኦሲ ከጎኑ ተቀምጣ በመንገዱ ዳር ያለውን የሰው ማሳ ትመለከታለች። ሊያንደርም ከሁሉም ጋር አብሮ ፈገግ ብሎ፣ «እውነት ነው፤ አትረግጥም» ይላል።